የዶዳ ልጆች ተራ

መተኛት ነበረብኝ። ሌሊቱን ሙሉ በቀዝቃዛው መጋዘን የድንችና የሽንኩርት ካርቶን ስደረድር አድሬ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በድርጅቱ አውቶቡስ መጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ላይኛው አልጋ ላይ ወጥቼ መጋረጃዬን ስቤአለሁ፤ ዓይኔ ግን አልከደን አለኝ። አርብ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ሻርጃ ውስጥ፣ አርብ ማለት ከሥሬ የሚተኛው ሰው ሸሚዙን እየተኮሰ የሚያፏጭበት ቀን ነው። በተወለድኩባት ስፒንወላ ውስጥ ግን ዛሬ ሽማግሌዎቹ ሁጅራው ውስጥ፣ የወንዶቹ የእንግዳ አዳራሽ ውስጥ፣ በገመድ አልጋዎቹ ላይ ተደርድረው እኔን ይጠብቃሉ። እኔን ሻምሮዝን፣ በዚህ አገር ስሜን የሚያውቁልኝ አንድ አለቃና በር ላይ ፊቴን የሚፈትሽ ማሽን ብቻ የሆኑትን ሰውዬ። በአራት ሰዓት ስልኬ ይጠራል፣ እኔም አንድ ቃል እመልሳለሁ። እሺ ካልኩ ጋታ የሚባለው ድንጋያማ መሬታችን ለዕጣ ይቀርባል። እምቢ ካልኩ ጋታ የእኛ ሆኖ ይቀራል፣ አዲሱ አውራ ጎዳና በላዩ ያልፋል፣ መንግሥት ካሳ ይከፍለናል፣ እኔም ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ይህን አልጋ ለሌላ ሰው ለቅቄ ቤቴ እገባለሁ። ይኸው ነው ነገሩ፤ አጭር ነው።

ማን ያመነታል? ታናሽ ወንድሜ ባክትማንድ ትናንት የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። «ላላ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ምኑ ነው የሚያሳስብህ? እምቢ በልና ጥቅልል ብለህ ተኛ። ወረቀቱ በስማችን ነው፣ ከአንተ በላይ ታላቅ የለንም፣ በቃ።» አንተ ብትሆን ትተኛለህ? አልኩት። «እኔማ ከአሁኑ እያንኮራፋሁ ነው» አለኝ። ይሥቃል። ሲሥቅ አባታችንን ነው የሚመስለው፣ ለዚህ ነው ልቆጣው የማልችለው። ከኋላው የልጄ ድምፅ ይሰማል፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከስንት አንዴ በእረፍት ስሄድ ብቻ ነው የምታየኝ፣ ስልኩን ስትቀበል እንደ ሩቅ ዘመድ በትሕትና ነው የምታዋራኝ፤ አባባ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ምግብ ይስማማዎታል ወይ ትለኛለች፤ እኔም ደህና ነኝ ልጄ፣ ትምህርት እንዴት ነው እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። እምቢ ብል ይህ ሁሉ ያበቃል።

ግን እኔ ዝም ብዬ የተወለድኩ ሰው አይደለሁም። ስፒንወላን የቆረቆሩት አራት ወንድማማቾች ናቸው፤ ባሎ፣ ሚሩ፣ ሳንጋርና ዶዳ። እኔ ከዶዳ አሥራ አንደኛ ነኝ፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንኳ ከራሴ እስከ ዶዳ ሳልደናቀፍ እቆጥራለሁ። አራቱ ከተራራው ማዶ አንዲት ጎሽ፣ ሁለት አህዮችና የማይቆጠር ልጅ ይዘው ወርደው፣ ወንዙ ዳር ቅርፊቱ የነጣ አኻያ ሥር አደሩ። ሲነጋ መሬቱን አዩት። አንዱ ወገን ወንዝ ይጠጣል፣ አንዱ ጥላ አለው፣ አንዱ መካከለኛ ነው፣ አራተኛው ጋታ ነው፣ ድንጋይ። አዩትና ያለ ጥርጥር እንደሚገዳደሉበት አወቁ። እኛ ራሳችንን እናውቃለን፤ ባዕድ ቢመታን እንረሳለን፣ የአጎት ልጅ ከእኛ የበለጠ ስንዴ ካፈሰ ግን እንቅልፍ የለንም። ስለዚህ ቁርስ እንኳ ሳይበሉ ተማማሉ። መሬቱ የማንም አይሁን፣ የተራ ይሁን። በየአሥር ዓመቱ ማናችንንም የማያውቅ መንገደኛ ተይዞ ዕጣ ያውጣ፣ ዕጣው ወዳወጣው ሁሉም ይሂድ፤ እርሻውን ብቻ አይደለም፣ ቤቱንም፣ ጉድጓዱንም፣ በእጁ የተከለውን ዛፍም ትቶ ይሂድ። ጣራና ምድጃ ይቀራል፣ ፍራሽና እህል ይጓዛል። ይህ ነው ዌሽ የምንለው። ለዕጣው ባሎ የአኻያ ስንጣሪ አኖረ፣ ሚሩ የበግ ፀጉር፣ ሳንጋር የስንዴ ፍሬ። ዶዳ ዘግይቶ ደረሰ፣ እንደ ልማዳችን፣ እጁ ባዶ ነበር፣ ጎንበስ አለና አንዲት የደረቀች የፍየል በጠጥ አነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ምልክት የፍየል በጠጥ ነው። በልጅነቴ የባሎ ልጆች በዚህ ሲያበሽቁኝ አለቅስ ነበር። አሁን እኮራበታለሁ፤ ዕጣ የሚጥል ሰው ምልክት ማሳመር የለበትም።

ሁለት መቶ ዓመት እንዲህ ሲዞሩ ኖሩ፣ አንድም ወንድም ወንድሙን በመሬት አልገደለም። በሌላ ነገር ተገዳድለዋል፣ አልክድም። ከዚያ የቅድመ አያቴ አባት ዛርዋሊ ጋታ ደረሰው። አላጉረመረመም፣ አሥር ዓመት ድንጋይ መልቀም ነው፣ ከዚያ ዕጣው ወደ ወንዙ ዳር ሊያወርደው ይችላል። ስምንት ዓመት ለቀመ። በዘጠነኛው የእንግሊዝ መንግሥት ሰዎች የመለኪያ ሰንሰለት ይዘው ይመጣሉ፣ እያንዳንዱን ሰው ቆሞ ባገኙበት መሬት ላይ ይጽፉታል፣ ዌሽ የሚባል ነገር መዝገባችን ውስጥ የለም ይላሉ። የባሎ ልጆች ወንዙ ዳር ቆመው ተገኙ፣ ስለዚህ የወንዙ ዳር ሰዎች ሆኑ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሸንኮራና ትምባሆ ያመርታሉ። ዛርዋሊ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ ተገኘ። ሁለት ጸደይ ቀርቶት ነበር። ሁለት ጸደይ ብቻ። እኔ ብሆን አብድ ነበር። እሱ ግን በአሥረኛው ዓመት ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ጥምጥም አድርጎ ሁጅራው ውስጥ ቆመና ጠየቀ፦ «ተራው ደርሷል ወይ?» ወረቀቱ ተዘግቷል አሉት። እሺ ብሎ ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ቆመ። እሱ ሲሞት ልጁ ቆመ፣ ከዚያ አያቴ ቆመ፣ ከዚያ አባቴ። አራት ትውልድ፣ በየአሥር ዓመቱ፣ አንዲት ጥያቄ። አልተዋጋንም፣ ፍርድ ቤት አልሄድንም፣ ሰው አልለመንንም፣ ቆመን ጠየቅን። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ያለው ቤት ካለ አሳዩኝ።

አባቴ ጉልዳር ለመጨረሻ ጊዜ የቆመው የዛሬ አሥር ዓመት ነው። እግሩ አብጦ ነበር። ባክትማንድ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከፍቶልኝ እዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ የዱላውን ኳኳታ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ጥያቄውን። የባሎ ልጆች አለቃ ሸርባሃደር ሰው እንዲሥቅለት ጮክ ብሎ፦ «ጉልዳር፣ ድንጋዩ ገና አላለቀልህም እንዴ?» አለ። ሰውም ሣቀ። አባቴ ምን አለ መሰላችሁ፤ «ላንተም የሚተርፍ አስቀምጬልሃለሁ፣ ተራህ ሲደርስ ታገኘዋለህ» አለ። አሁን ሣቁ ይበልጥ ደመቀ፣ ግን የሣቁት ከአባቴ ጋር ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሞተ። እረፍት ስጠይቅ ማመልከቻውን በስልክ ሙላ ተባልኩ፣ ሞላሁ፣ ምክንያት ይምረጡ አለኝ፣ ዓመታዊ፣ ሕመም፣ ሌላ፤ ሌላ የሚለውን ነካሁ፣ ጥያቄዎ በአምስት የሥራ ቀን ይታያል አለኝ። እኛ ሙታንን የምንቀብረው በዚያው ቀን ነው። አልደረስኩም። ሌላ። አባቴ ሌላ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ ከሥሬ የሚተኛው ሰው በመጋረጃው ውስጥ የሚያየኝ ይመስል።

ዛሬም ቢሆን በድምፄ መናገር የለብኝም ነበር፣ ለባክትማንድ ውክልና ልኬ እሱ እምቢ እንዲልልኝ ነበር ሐሳባችን። ሳምንቱን ሙሉ ከቅጹ ጋር ታገልኩ። ስም፤ ሻምሮዝ። የቤተሰብ ስም፤ የለኝም፣ ሻምሮዝ ብቻ ነኝ፣ የዶዳ ልጅ ነኝ። ባዶ መተው አይቻልም አለኝ። ዶዳ ብዬ ጻፍኩ፣ ከመታወቂያዎ ጋር አይመሳሰልም አለኝ። መታወቂያዬን አየሁት፣ ያኔ ስመጣ አንድ ጸሐፊ ባዶው ቦታ አስጠልቶት ሻምሮዝ ሻምሮዝ ብሎ ሞልቶታል። ስለዚህ ሻምሮዝ ሻምሮዝ ብዬ ጻፍኩ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ አንድ ሻምሮዝ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ያያይዙ አለኝ። የአሥራ አንድ አባት ስም በቃሌ የምቆጥር ሰው፣ አንድ የቤተሰብ ስም አጥቼ እዚህ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ባክትማንድ፦ «ተወው ላላ፣ ሽማግሌዎቹ ድምፅህን ያውቁታል፣ በስልክ ትናገራለህ» አለኝ። ድምፄን ያውቁታል። የእኛ ማሽን ይኸው ነው።

ሦስቱ ቤቶች ዕጣ ይጣል ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱ በጋታ እንደሚያልፍ የሚያሳየው ቀይ ችካል ከተተከለ በኋላ ዌሽ ድንገት ትዝ አላቸው። አንድ መቶ ምናምን ዓመት ድንጋይ ስንለቅም ወረቀት ወረቀት ሲሉ የኖሩ ሰዎች አሁን የአባቶች ሕግ፣ የአኻያዋ መሐላ ይላሉ። ባክትማንድ ይህን ሲነግረኝ ጥርሱን ያፋጭ ነበር። እናቴ ግን ትናንት ስልኩን ተቀብላ ስለ መንገዱ አንድም ነገር አላለችም። በላህ ወይ አለችኝ፣ በላሁ አደይ አልኳት፣ ከዚያ፦ «አባትህ ቆሞ የጠየቀውን ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ ስልኩን መለሰችለት።

ስልኩ ይጠራል። ቁጭ እላለሁ፣ ራሴ ኮርኒሱን ይመታል፣ መጋረጃውን አልከፍትም። ጩኸቱ ይሰማኛል፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ሳል፣ የአንድ ሰው ሣቅ። «ሻምሮዝ፣ የጉልዳር ልጅ፣ አትድከም» ይላል ሸርባሃደር፣ ሰላምታችን ነው። አይጎሳቆሉ ካካ፣ አጎቴ፣ ብዬ እመልሳለሁ። ድምፁ አርጅቷል፣ ይህን አልጠበቅኩም። «አባቶችህ ተራው ደርሷል ወይ እያሉ ሲጠይቁን ኖረዋል፣ እኛም ሳንመልስ ኖረናል። ዛሬ እንመልስ። ደርሷል። ዌሽ አልሞተም። ጋታ ለዕጣ ይቅረብ፣ ምን ትላለህ?» ዛርዋሊ ይህችን ቃል እየጠበቀ ወገቡ ጎብጧል፣ አባቴ እግሩ አብጦ ቆሟል፣ ቃሏ የመጣችው ግን ለአስፋልቱ ብላ ነው። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። እምቢዋ ምላሴ ላይ ነበረች። ግን እምቢ ብል እነዚያ አራት ሰዎች ምን ሆኑ? ሕግ የጠየቁ ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ የወንዝ ዳር መሬት ያማራቸው ድሆች ሊሆኑ ነው። የእነሱን ጥያቄ እኔ በገዛ አፌ ወሬ ላደርገው ነው።

«ካካ፣» አልኩ፣ «የሚቀርበው ጋታ ብቻ ነው?»

«ጋታ ነዋ። ሌላ ምን አለ?»

«ዌሽ ነው ያሉት።»

«አዎ፣ ዌሽ።»

«እንግዲያው እሺ። የዶዳ ልጆች እሺ ብለናል። ግን እንደ ዌሽ ይሁን። አራቱም መሬት፣ አራቱም ሰፈር። ሁሉም ይነሣል። የወንዙ ዳርም፣ የእርስዎም ቤት ጭምር።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት። ከዚያ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፦ «የሸርባሃደር ቤት ሦስት ፎቅ ነው እኮ» አለ። ጣራና ምድጃ ይቀራል፣ ፍራሽና እህል ይጓዛል አልኩ። «ምድጃው የኤሌክትሪክ ቢሆንስ?» አለ ሌላው፣ ማን እንደሆነ አልለየሁትም፣ ባክትማንድ ግን ሣቁን መግታት አቅቶት ሲያስል ሰማሁት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የጁምዓ ሶላት ደርሷል፣ እንነሣ አለ፣ የጫማ ኮቴ ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ። ትራሴ ውስጥ አፍንጫዬን ቀብሬ ሣቅሁ። አሸነፍኩ። ሸርባሃደር ከፎቁ አይወርድም፣ ስለዚህ ነገሩን ይተወዋል፣ ስለዚህ ጋታ የእኛ ነው፣ የአባቶቼም ክብር የእኛ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቃል ወሰድኩ። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር። ለሰከንድ ያህል፣ የምርህን ነው ወይስ ልታስፈራራ፣ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ መልሼ ገፋሁትና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሦስት ሰዓት ያህል ሳልተኛ አልቀረሁም። ባክትማንድ ነው የቀሰቀሰኝ። «ላላ፣ ጨረስካቸው። ከሁጅራው ሲወጡ ጫማ እስኪምታታባቸው ድረስ ነው። ይተዉታል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።» ደስ አይለኝም? ደስ አለኝ። «ግን ላላ፣ አደይን አናግራት እስቲ።» አሟታል? «ኧረ ደህና ናት። ፍራሽ እያሰረች ነው።»

ሰጣት። ምን እየሠራሽ ነው አደይ? አልኳት። «ምን እሠራለሁ፣ እነሣለሁ እንጂ። ዶሮዎቹን አስሬአለሁ። ዱቄቱ ወጥቷል። ሚስትህ የልጅቷን ደብተሮች እየሰበሰበች ነው፣ ብዙ ነው አንተ፣ ይህ ሁሉ ምን ያስተምራታል?» አደይ፣ ሰዎቹ አልተቀበሉም፣ ፍቺው አልኳት። «አለመቀበሉ የእነሱ ጉዳይ ነው። አንተ ሁሉም ይነሣል አላልክም?» ብያለሁ። «ታዲያ የዶዳ ልጅ ሁሉም ይነሣል ብሎ ሲያበቃ የገዛ እናቱ ተጋድማ ትገኝ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ነው። «ሻምሮዝ። ወይስ ለማስፈራራት ነው ያልከው?»

እናቴን ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በላሁ፣ ተኛሁ፣ አልደከመኝም እያልኩ ዋሽቻታለሁ። ይህን ግን መዋሸት አልቻልኩም፣ እውነቱንም ማውጣት አልቻልኩም። በሩ ላይ ያለው ማሽን ታየኝ፣ ልጄ እንደ ሩቅ ዘመድ ስታዋራኝ ታየኝ፣ ቀዩ ችካል ታየኝ። ከዚያ፦ «የምሬን ነው አደይ» አልኩ። ያልኩት አፍሬ ነው። ካልኩት በኋላ ግን እውነት ሆነ፣ ፈራሁም። «በል እንግዲህ» አለች፣ «አልጋዎቹን ወደ መንገዱ ያውጡልኝ።»

ስድስቱን ገመድ አልጋ ከነፍራሹ የመስጊዱ መንገድ ላይ አወጡት። የጁምዓ ሰው ሲበተን እየዞረ ማለፍ ነበረበት። እናቴ ከበሩ ውስጥ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ባክትማንድ በየደቂቃው ይደውልልኛል፣ ይቆረጣል፣ መልሶ ይደውላል፤ አንዳንዱ ይሥቃል፣ አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል፣ ሸርባሃደር መጥቶ ቆመ፣ የማን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ነገሩት፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሩዜን አሞቅኩ፣ አልበላሁትም። ሸሚዜን ለበስኩ። አውቶቡሱ ሊመጣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ቪዲዮ ተላከልኝ። ይንቀጠቀጣል። የእኛ አልጋዎች፣ ከዚያ ማዕዘኑ፣ ከዚያ በመስታወት ያበደው ሦስት ፎቅ። በሩ ፊት ለፊት አንድ የታሠረ ፍራሽ። ሁለቱ ጎረምሶች ልጆቹ ፊታቸውን አጥቁረው ማቀዝቀዣ ተሸክመው ይወጣሉ። ሸርባሃደር ወደ ስልኩ ቀረበ፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። «ሻምሮዝ፣ ዌሽ አልሞተም ያልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። የጉልዳር ሚስት ዱቄት ላይ ተቀምጣ እኔ ፎቅ ላይ ምሳ ልብላ እንዴ? የሚሩም የሳንጋርም ልጆች ፍራሽ እያሰሩ ነው። ዕጣው ነገ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ፦ «ቀስ በሉ፣ በሩን አትፋቁት፣ ለሚመጣው ሰው ነው» አላቸው።

ይህን ሰው ዕድሜዬን ሁሉ ስጠላው ኖሬአለሁ። አሁን ስልኬ ላይ የቆመውን ፊቱን እያየሁ፣ ይህ የእኛ ሰው ነው፣ ይህን የሚያደርግ ሌላ ከተማ የለም እላለሁ፤ ኩራቱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ አላፈርኩበትም። ባክትማንድ ደወለ። ሣቅ የለውም አሁን። «ላላ፣ ጋታ ቢሄድብንስ?» ይሂድ አልኩት። «አንተስ?» ውሌን ሁለት ዓመት አድሳለሁ። እያለቀሰ እንደሆነ አውቄአለሁ፣ እንዳላወቅኩ ሆንኩለት። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፣ ደረጃውን እወርዳለሁ። አያቴ ይነግረን ነበር፤ በዌሽ ዘመን ከዘመቻ የተመለሰ ሰው በቀጥታ ቤቱ አይገባም፣ ቤቱ ተነሥቶ ሊሆን ይችላልና። እኔም ስመለስ እንደዚያው ነው የምገባው። ከመኪናው እወርዳለሁ፣ ሻንጣዬን መሬት አስቀምጣለሁ፣ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሰው የዶዳ ልጆች ዛሬ የትኛው ቤት ናቸው ብዬ እጠይቀዋለሁ።